ጭቃን ሸክላ የሚያደርገው ሙቀት፤ ከእንጨት እሳት እስከ ማይክሮዌቭ



በጅቡቲ ከተማ መካከል የሚገኘው ታላቁ አደባባይ ሁለት ስሞች አሉት። አንደኛው አገሪቱ ነጻነቷን የተቀዳጀችበትን ዕለት የሚያስታውሰው የ27 ጁን 1977 አደባባይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና የቀድሞው ስሙ የምኒልክ አደባባይ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ከዚህች ከተማ ጋራ ያስተሳሰራቸው የምድር ባቡር ነው። ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ1894 ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ።

እኒሁ ንጉሠ ነገሥት በ1900 ዓ.ም. ሌላም ታላቅ ነገር አድርገዋል። ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን የመሳሰለውን ባለ እጅ በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። ስለ ሐዲዱ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ዐዋጁ የሚነገረው ጥቂት ነው። ሐዲዱ የሰው አገር ዕቃ ማመላለሱን ወዲያው ጀመረ፤ ዐዋጁ ግን በአገር ውስጥ ዕቃ የሚሠራውን እጅ ለማስከበር የታሰበ ነበርና ፍሬው ዘገየ። በሐዋሳ እንደ ተቋቋመው እንደ ታቦር ሴራሚክ ያለ ፋብሪካ ቢኖርም፣ የወለል ንጣፉና ሲኒው፣ የእጅ መታጠቢያውና የጥርስ ሐኪሙ ነጭ ሴራሚክ እስከ ዛሬ ከባሕር ማዶ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል ጭቃ ሞልቶ ወደ ተረፈበት አገር ይገባል። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ለአንዲት ባለሙያ የተነገረ ቢመስልም ለአገርም የሚስማማ ነው።

በዚህ ነገር ማዘን ብቻውን የሚጠቅመው ነገር የለም። የሚጠቅመው ጭቃን ሸክላ የሚያደርገው ሙቀት ምን እንደሚሠራ አውቆ፣ ያው ሥራ ዛሬ በምን ዐይነት አዲስ መንገድ እንደሚሠራ ማስተዋል ነው። ከአዲሶቹ መንገዶች አንዱ የማይክሮዌቭ ሙቀት ነው።

፩. ሙቀት በጭቃ ላይ ምን ይሠራል?

የሸክላ ጥበብ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በጅቡቲ ምድር፣ በጎባድ ሜዳ አሳ ኮማ በተባለው ስፍራ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ያጌጠ የሸክላ ስብርባሪ ተገኝቷል። በኢትዮጵያም ከጎንደር አጠገብ እንደ ወለቃ ባሉ መንደሮች ሴቶች ጀበናና ድስት፣ ምጣድና እንስራ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታቦካ የአሮጌ ገል ዱቄት ትጨምርበታለች። ይህን የምታደርገው በልማድ ይሁን እንጂ ምክንያቱ የሳይንስ ነው፤ አንድ ጊዜ እሳት ያየ ገል ዳግመኛ አይጨማደድምና ዕቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል።

ዕቃው እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የቀረው እርጥበት ይወጣል። እርጥበቱ ሳያልቅ ሙቀቱ ከተቻኮለ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ከዚያ በኋላ፣ ሙቀቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ጊዜ፣ ከጭቃው ጋራ በተፈጥሮ የተዋሐደው ውሃ ይለቃል። ከዚህ ወዲያ ጭቃው በውሃ ቢነከር ተመልሶ ጭቃ አይሆንም፤ ሸክላ ሆኗልና። ሙቀቱ የበለጠ ሲጨምር ደቃቅ ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ስፍራ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው አንገት የመሰለ ድልድይ ይፈጠራል፤ ድልድዩ እየወፈረ ሲሄድ በመካከል ያለው ቀዳዳ እየጠበበ ዕቃው ይጠነክራል። ቅንጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጡ በሙቀት ብቻ የሚያያዙበት ይህ ሥራ በሳይንስ ቋንቋ ሲንተሪንግ ይባላል።

ቅንጣቶቹ እንዲያያዙ የሚገፋፋቸው ምንድን ነው? መልሱ በወጥ ቤት ይገኛል። በሾርባ ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የዘይት ነጠብጣቦች ሲነካኩ አንድ ትልቅ ነጠብጣብ ይሆናሉ፤ አንዱ ትልቅ ያለው ጠርዝ የሁለቱ ትንንሾች ጠርዝ ከተደመረው ያንሳልና። ተፈጥሮ የገጽን ስፋት መቀነስ ትወዳለች። የሴራሚክ ዱቄትም እንዲሁ ነው፤ ገጹ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ሙቀት አተሞቹ ከስፍራቸው እንዲንቀሳቀሱ ሲፈቅድላቸው ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ።

የዚህም ውጤት በሚዛንና በማስመሪያ ይታወቃል። ተጠቅጥቆ ከተሠራ የዱቄት ሰሌዳ ውስጥ ከመቶው 60 እጅ ዱቄት፣ 40 እጅ ባዶ ቀዳዳ ቢሆን፣ ቀዳዳው ሁሉ ሲዘጋ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው ጐን ወደ 8.4 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። በአገር ቤት በገላጣ እሳት የሚተኮሰው ሸክላ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ስለሚበስል ብዙ ቀዳዳ ይቀርለታል። እንስራ ውሃ የሚያልበውና የሚያቀዘቅዘው፣ አዲስ ምጣድም በጎመን ዘር መታሸት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥርስ የሚሆነው ዚርኮኒያ ግን ወደ 1500 ዲግሪ፣ አሉሚና የተባለውም ወደ 1600 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል።

፪. የእሳቱ ዋጋ

ይህን ያህል ሙቀት ከየት ይመጣል? በኢትዮጵያ ደጋ መልሱ እንጨት ነበር። ከእንጦጦ ተራራ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ለብዙ ዘመን ሲወርዱ የኖሩ እናቶች የዚያን መልስ ዋጋ በወገባቸው ከፍለዋል። በጅቡቲ ግን መልሱ ራሱ የለም። ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት፣ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ምድር የሚማገድ ደን አይገኝም። በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዳይ ደን እንኳ የጽድ ዛፎቹ ብዙው ክፍል ደርቀውበታል። ለሸክላ ምድጃ ብሎ በዚህች አገር እንጨት መቁረጥ የማይታሰብ ነገር ነው።

ሆኖም ሌላ ኃይል መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ሥራ ሲጀምር፣ በነዳጅ ዘይት ሞተር ብቻ ትበራ የነበረችው ከተማ የኢትዮጵያን ወንዞች ኃይል መቀበል ጀመረች። ከ2018 መባቻ ጀምሮ የንግድ ሥራውን የቀጠለው አዲሱ ባቡርም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በ2023 በጉቤት የ60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በ2025 መስከረም ላይም የዐባይ ታላቅ ግድብ ተመርቋል። እንግዲህ ጥያቄው ተለውጧል፤ «እንጨት ከየት ይገኛል?» መባሉ ቀርቶ «የተገኘው ኤሌክትሪክ ሳይባክን እንዴት ወደ ጭቃው ይግባ?» የሚባልበት ጊዜ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሸክላው ሥር በተቦረቦረው መሥመር ውስጥ የተቀመጠው ጠምዛዛ ሽቦ ይግላል፤ ሽቦው ሸክላውን ያግላል፤ ሸክላው ሊጡን ያበስላል። ሙቀቱ በእጅ አዙር ነው የሚደርሰው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ሽቦው ግድግዳውንና መደርደሪያውን አግሎ፣ ከዚያ በኋላ የዕቃውን ገጽ፣ በመጨረሻም የዕቃውን ልብ ያሞቃል። ዕቃው ወፍራም ከሆነ ገጹ ቀድሞ ልቡ ይዘገያል፤ ሁለቱ ሲለያዩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለ ምድጃው በብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ማሞቅ ይገደዳል፤ በእነዚያም ሰዓቶች ሁሉ ግድግዳው ይበላል፤ ዕቃው ይጠብቃል።

፫. የማይክሮዌቭ አመጣጥ

ማይክሮዌቭ የሬዲዮ ሞገድ ወገን ነው፤ ርዝመቱ ግን አጭር ነው። በየቤቱ የሚገኘው የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት ሞገድ በሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ ርዝመቱም 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ሞገድ በብርቱ ኃይል የሚያመነጨውን ማግኔትሮን የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት ለራዳር ሥራ አበጁት። በ1945 ደግሞ በአሜሪካ የሬይቲዮን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር ከማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ ያለው ጣፋጭ እንደ ቀለጠ ይተረካል። ስፔንሰር በልጅነቱ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነበር፤ ያየውን ነገር ግን ሳይመረምር የማያልፍ ነበረ። በዚያው ዓመት ምግብን በማይክሮዌቭ የማብሰያውን ዘዴ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ1950 ተፈቀደለት።

ምግብ የሚያበስል ሞገድ ሴራሚክንም ያበስል እንደሆነ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ በየአገሩ ተነሡ። ከእነርሱ መካከል በሕንድ አገር ተወልደው በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሩስተም ሮይና የሥራ ባልደረባቸው ዲኔሽ አግራዋል ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። እነዚህ ሊቃውንት ከጓደኞቻቸው ጋራ በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ሞገዱን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነው ሲባል የኖረው ብረት እንኳ፣ በዱቄት መልክ ሲጠቀጠቅ በማይክሮዌቭ ሞቆ ሙሉ በሙሉ እንደሚያያዝ አሳዩ።

፬. ሞገዱ እንዴት ያሞቃል?

ሞገዱ ራሱ ሙቀት አይደለም። በዕቃው ውስጥ ሲያልፍ በዕቃው ያሉትን የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ክፍሎች በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛቸዋል። ውዝዋዜውን ተከትለው መሄድ ሲያቅታቸው ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ የሚፈጠረው ሞገዱ በገባበት የዕቃው አካል ውስጥ ስለሆነ ግድግዳውን አስቀድሞ ማጋል አያስፈልግም። ብዙ ሰው ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሞቃል ይላል፤ አነጋገሩ ግን ትክክል አይደለም። ሞገዱ ገጹንም ልቡንም ያሞቃል፤ ገጹ ሙቀቱን ለአየሩ ስለሚያካፍል ልቡ ብዙ ጊዜ በልጦ ይገኛል። ከተለመደው ምድጃ ጋራ ሲነጻጸር ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው።

ነገር ግን ዕቃ ሁሉ ሞገዱን እኩል አይቀበለውም። ውሃ በደንብ ይቀበላል፤ ንጹሕ አሉሚና ግን ቀዝቃዛ ሳለ ሞገዱን እንደ መስተዋት ያሳልፈዋል። ሊቃውንቱ ለዚህ መላ አገኙ። ሲሊኮን ካርባይድ የተባለው ጥቁር ነገር ገና በቀዝቃዛነቱ ሞገዱን ስለሚቀበል በዕቃው ዙሪያ ይደረደራል። መጀመሪያ እርሱ ይግላል፤ ሙቀቱን ለዕቃው ያካፍላል፤ ዕቃውም በብዙ መቶ ዲግሪ ሲሞቅ ጠባዩ ተለውጦ ሞገዱን በራሱ መቀበል ይጀምራል። የገበሬ ሚስት ትልቁን ግንድ በጭራሮ እንደምታያይዘው ያለ ነው።

በዚህ ጊዜ አደጋ ይመጣል። ዕቃው ሲሞቅ ሞገዱን ይበልጥ ይቀበላል፤ ይበልጥ ሲቀበል ይበልጥ ይሞቃል። አንዱ ስፍራ ከሌላው ጥቂት ከቀደመ ሙቀቱ ሁሉ ወደዚያው ይሮጥና ያ ስፍራ ይቀልጣል፤ ሌላው ጥሬ ይቀራል። የማይክሮዌቭ ምድጃ ዋና ጥበብ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ልጓም መያዝ ነው።

፭. የተረጋገጠውና የሚያከራክረው

የተረጋገጠው ነገር አለ። ማይክሮዌቭ ሴራሚክን ለማድረቅ በፋብሪካ ይሠራበታል፤ ይልቁንም ለተሽከርካሪ ጭስ ማጣሪያ የሚሆነውን እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ለማድረቅ ይጠቅማል፤ ውሃ ሞገዱን ፈጥኖ ይቀበላልና። የጥርስ ዚርኮኒያም በማይክሮዌቭ ሲተኮስ የብዙ ሰዓቱ ሥራ በእጅጉ ያጥራል። ጊዜው ማጠሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቅንጣቶቹ ለመወፈር ጊዜ አያገኙምና ደቃቅ እንደ ሆኑ ይያያዛሉ፤ ይህም ዕቃውን ሊያጠነክረው ይችላል።

የሚያከራክረውም አለ። አንዳንዶቹ ሊቃውንት ሞገዱ ከሙቀቱ ሌላ በራሱ ኃይል የአተሞችን እንቅስቃሴ ያፋጥናል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ልዩነቱ የመጣው ሙቀቱ በትክክል ስላልተለካ ነው ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የብረት መለኪያ በሞገድ ውስጥ ሲገባ ራሱ ሞገዱን ያውካል፤ ከሩቅ በብርሃን የሚለካው መሣሪያም የሚያየው ገጹን እንጂ ልቡን አይደለም። ገጹ 1400 ዲግሪ ተብሎ ሲጻፍ ልቡ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ክርክር ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ከመደነቅ በፊት አለካኩን መጠየቅ እንደሚገባ ያስተምራልና።

፮. ሒሳቡ ምን ይላል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ኪሎ ሴራሚክ በ1500 ዲግሪ ለማሞቅ ይፈለግ። አንድ ኪሎ ዕቃ በአንድ ዲግሪ ለመጨመር አንድ ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል ብንባል፣ ለዕቃው የሚያስፈልገው 1500 ኪሎ ጁል ነው፤ ይህም 0.42 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በተለመደው ምድጃ ከዕቃው ጋራ 4 ኪሎ ጡብና መደርደሪያ አብሮ ቢሞቅ ሒሳቡ ወደ 2.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወጣል። በማይክሮዌቭ ግን ከዕቃው ጋራ የሚሞቀው ግማሽ ኪሎ መሸፈኛ ብቻ ቢሆን፣ ማግኔትሮኑም ከተቀበለው ኤሌክትሪክ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ወደ ሞገድ ቢለውጥ፣ የሚያስፈልገው 0.94 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ወደ አየር የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ከግማሽ የሚበልጠው ይተርፋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ በዚህ አያልቅም። ኤሌክትሪኩ የመጣው በነዳጅ ሞተር ከሆነ፣ ሞተሩ ገና ከመነሻው የነዳጁን ሙቀት ከግማሽ በላይ ወደ አየር ለቆታል፤ የተረፈ የመሰለው ትርፍ በዚያው ይበላል። ኤሌክትሪኩ የመጣው ከወንዝ ወይም ከነፋስ ከሆነ ግን ትርፉ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ከ2011 በፊት ለጅቡቲ የማያዋጣው ነገር ከዚያ ወዲህ ሊታሰብ የሚችል ሆኗል። ደግሞም አንድ ሳንቲም ለማያወጣ ሸክላ ውድ ማሽን ማቆም ሞኝነት ነው። ጀበናን በማይክሮዌቭ ልተኩስ የሚል ሰው ገንዘቡን ያጠፋል። ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ የሆነው የጥርስ ሴራሚክ፣ ለከፍተኛ ሙቀት የሚቋቋመው የመሣሪያ ክፍል፣ እንዲሁም የሸክላ ማድረቂያው ግን መጀመሪያ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው።

የጅቡቲ ምድርም ራሱ የሚመረመር ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በአሳል ሐይቅ አጠገብ ፈንድቶ አዲስ ጥቁር ድንጋይ በምድሩ ላይ አፍስሷል። ብረት ያለበት እንዲህ ያለው ባዛልት ሞገዱን ከንጹሕ አሉሚና ይልቅ በቀላሉ ይቀበላል። በአውሮፓ ባዛልትን አቅልጠው የማይፋቅ ንጣፍና የቧንቧ ውስጥ ልባስ ሲሠሩ ኖረዋል። የአሜሪካ ሊቃውንት ቴይለርና ሚክ ደግሞ በ2005 የጨረቃን አፈር በማይክሮዌቭ አያይዞ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ጽፈዋል። ለጨረቃ አፈር የታሰበው ነገር ለጅቡቲ ጥቁር ድንጋይ የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

፯. የመምህሩ ድርሻ

ማሽኑ ዛሬ ባይኖርም ትምህርቱ ዛሬ ሊጀመር ይችላል። መምህሩ የሚያስፈልገው አንድ ገል፣ አንድ የወለል ንጣፍ ስባሪ፣ አንድ ድስት ውሃና አንድ ጥሩ ሚዛን ነው። ሁለቱን ስባሪዎች በደንብ አድርቆ ይመዝናል፤ በውሃ ውስጥ አፍልቶ እስከ ማግሥቱ ያሳድራል፤ ገጻቸውን በጨርቅ ጠርጎ ዳግመኛ ይመዝናል። 100 ግራም የነበረው ገል 112 ግራም ቢሆን ከመቶው 12 እጅ ውሃ ጠጥቷል። ፖርሰሊን የሚባለው ንጣፍ ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ከመቶው ከግማሽ እጅ በላይ እንዳይጠጣ ተወስኗል። ተማሪው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የሙቀት ርቀት መሆኑን በገዛ ዐይኑ ያያል። ከዚህም ጋራ የቤት ማይክሮዌቭ ምድጃ መጫወቻ አለመሆኑን፣ እርጥብ ሸክላ በውስጡ ሊፈነዳ፣ ብረትም ሊፈነጥቅ እንደሚችል አጥብቆ ማስጠንቀቅ የመምህሩ ግዴታ ነው።

ከሚዛኑም በላይ ሊታረም የሚገባው ነገር አለ። በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ የተከለከለው ንቀት ከመማሪያ ክፍል ካልወጣ ከአገር አይወጣም። ተማሪው «ሸክላ ሠሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ እየተጠቀመ «የሴራሚክ መሐንዲስ» የሚለውን ለክብር ቢያስቀምጥ፣ አንዱን ሙያ በሁለት ስም ጠርቶ ግማሹን ንቆታል ማለት ነው። ገል ፈጭታ ጭቃው ውስጥ የምትጨምረው ሴትና ሲሊኮን ካርባይድ በዕቃው ዙሪያ የሚደረድረው ሊቅ የሚታገሉት ከአንድ ጠላት ጋራ ነው፤ ይኸውም ዕቃውን የሚሰነጥቀው ያልተስተካከለ ሙቀት ነው። እርሷ ስለ መጨማደድና ስለ መሰንጠቅ የምታውቀውን ተማሪው ጠይቆ ይጻፈው፤ ሊቁ በፊደል የጻፈውንም መምህሩ በአገር ቋንቋ ተርጉሞ ይንገራት። ያን ጊዜ ከወንዙ የመጣው ኃይል ወደ ጭቃው የሚገባበትን መንገድ የሚያበጅ ትውልድ ይገኛል።